ዘር ፍለጋ የመጡት፣ በረሃብ ያለፉት ሊቅ

በ1919 ዓ.ም. አንድ ሩሲያዊ ሊቅ ጅቡቲ ላይ ከመርከብ ወርደው፣ በድሬዳዋና በሐረር በኩል አድርገው አዲስ አበባ ገቡ። ከተማዋ ያኔ ገና አርባ ዓመት ያህል ዕድሜ ነበራት። ዛሬ አራት ኪሎ በምንለው አደባባይ አጠገብ ያለው የቤተ መንግሥት ኮረብታ የአገሪቱ መንበር ነበር፤ ትልቁ ገበያ ደግሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይቆም ነበር። በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ የሚመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ቡና፣ ቆዳ ወይም ወርቅ ፈላጊ ነው። የእኚህ እንግዳ ፍላጎት ግን ከየማሳው አንድ እፍኝ እህል፣ ከየአውድማው ጥቂት ዛላ ነበር።

ሰውየው ፕሮፌሰር ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላሉ። የዓለም ሰብሎች ከየት እንደተነሡ ለማወቅ አምስት አህጉራትን ያሰሱ፣ በዘመናቸው ከነበሩት የዕፅዋት ሊቃውንት ሁሉ ስማቸው የገነነ ተመራማሪ ነበሩ። የእህልን ታሪክ በዓይናቸውና በእግራቸው አነበቡ። እሳቸው ካለፉ በኋላ የመጣው ትውልድ ያንኑ ታሪክ በዘረመል፣ ማለትም በዲኤንኤ አማካይነት አነበበው። አዲሱ ንባብ የቫቪሎቭን አንዳንድ ፍርድ አርሟል። የኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ ከዓለም የዘር ሀብት ማኅደሮች አንዱ ነው የሚለውን ዋና ቃላቸውን ግን ይበልጥ አጽንቶታል።

ቫቪሎቭ የተወለዱት በሞስኮ ከተማ በኅዳር ወር 1880 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 ነው። በዚያው ዘመን ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ወደ ሀገራችን ገብቶ የእርሻ በሬውን ፈጀና ክፉ ቀን እየተባለ የሚነገረውን ረሃብ አስከተለ። በሩሲያም የአራት ዓመት ሕፃን ሳሉ በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ብርቱ ረሃብ ወድቆ ብዙ ሕዝብ አለቀ። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ ወጥተው በሞስኮ ነጋዴ ለመሆን የበቁ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ንግዱን ትተው ወደ አያቶቻቸው ሙያ፣ ወደ እርሻ ፊታቸውን መለሱ። በሞስኮ የግብርና ተቋም ተምረው ሲመረቁ ዋነኛ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ዋግ አንዱን ስንዴ ሲያጠፋ አጠገቡ ያለውን ሌላ ስንዴ ለምን ይምረዋል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ በ1913 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ አቅንተው ከታዋቂው የዘር ውርስ ሊቅ ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማሩ። የሳይንሱ ዓለም ያኔ አዲስ ዕውቀት ይዞ ነበር። የተክል ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው እንደ ወንዝ ውኃ እየተቀላቀለና እየደበዘዘ እንዳልሆነ፣ ራሳቸውን ጠብቀው በሚወርዱ ነጠላ የውርስ ቅንጣቶች እንደሆነ ተረድቷል። እነዚህ ቅንጣቶች በራሂዎች ይባላሉ። ከምን እንደተሠሩ ግን ያኔ በውል የተገለጠለት ሰው አልነበረም።

ቫቪሎቭ በ1916 እ.ኤ.አ. ወደ ፋርስና ወደ ፓሚር ተራሮች ተጓዙ፤ በ1924 አፍጋኒስታንን አሰሱ። በመካከሉ የሩሲያ ርስ በርስ ጦርነት አለፈ፤ በ1921 እና በ1922 ቮልጋ ዳግመኛ በረሃብ ተመታ። ወጣቱ ፕሮፌሰር በዚያው ጊዜ ወደ ፔትሮግራድ፣ ኋላ ሌኒንግራድ ወደተባለችው ከተማ ተዛውረው የሀገሪቱን የዕፅዋት ምርምር መምራት ጀምረው ነበር። ረሃብን ለማሸነፍ የተሻለ ዘር ያስፈልጋል፤ የተሻለ ዘር ለማውጣት ደግሞ የሚመረጥበት ብዙ ዓይነት ዘር መኖር አለበት። ሥራቸው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በዓለም ላይ የሰብል ዓይነት እጅግ የበዛባቸው ጥቂት ቦታዎች እንዳሉ ገለጡ። ብዙዎቹ ተራራማ አገሮች ነበሩ፤ ከመካከላቸውም አንዷ ኢትዮጵያ ናት። አንድ ሰብል ዓይነቱ በበዛበት ስፍራ ለረጅም ዘመን ኖሯል፤ ስለዚህ የተነሣው ከዚያ ነው ብለው አሰቡ።

ሐሳቡን በዓይናቸው ለማረጋገጥ ነበር በቀጣዩ ዓመት መባቻ ወደ ሀገራችን የመጡት። ዘመኑ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና የአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ነበር። ቫቪሎቭ አልጋ ወራሹን አግኝተው ለማነጋገር ዕድል አገኙ፤ ስለ ሩሲያ አብዮትም ብዙ ተጠየቁ። የጉዞ ፈቃድ ከተሰጣቸው በኋላ የበቅሎ ቅፍለት አደራጅተው ወደ ሰሜን አቀኑ። ዓባይን ተሻግረው በጣና ሐይቅ አካባቢና በጎንደር በኩል አለፉ። ከዚያም አክሱምን ረግጠው በኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ሥር ወደነበረችው አስመራ ወጡ።

በመንገዱ ያዩት ነገር አስገረማቸው። በአውሮፓ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ አንድ ዓይነት ስንዴ በአንድ ቁመትና በአንድ መልክ ይቆማል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ ነጩ፣ ቀዩና ጠቆር ያለው ስንዴ፣ አጭሩና ረጅሙ፣ ቀድሞ የሚደርሰውና የሚዘገየው ተደባልቀው ይበቅላሉ። ገበሬው ጥቁር ስንዴ የሚለው፣ ቅንጣቱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ዓይነት በሌላው ዓለም ብርቅ ነበር። ዛላው ላይ ጢም የሌለው ዱረም ስንዴም እዚሁ አገኙ፤ እንዲህ ያለ ስንዴ መኖር እንዳለበት ቀደም ብለው በንድፈ ሐሳባቸው ተንብየው ነበር። የገብሱም ዓይነት እንዲሁ ነው፤ ሁለት ረድፍና ስድስት ረድፍ ያለው፣ ነጩና ጥቁሩ፣ ልባሱን የሚለቀውና የማይለቀው። ከእነዚህ ጋር በሌላው ዓለም ገበሬ ብዙም የማያመርታቸው ጤፍ፣ እንሰትና ጌሾ፣ እንዲሁም ኑግ በየአካባቢያቸው ነበሩ።

ይህ ድብልቅ የገበሬው ቸልተኝነት ውጤት ተደርጎ በብዙ የውጭ ሰዎች ተቆጥሯል። ቫቪሎቭ ግን ትርጉሙ ገባቸው። ዝናብ ቀድሞ ቢቆም ፈጥኖ የሚደርሰው ይተርፋል፤ ዋግ ቢወርድ የሚቋቋመው ይቀራል፤ ውርጭ ቢመታ ሌላው ይሸከመዋል። ማሳው ሙሉ በሙሉ ባዶ የሚሆንበት ዓመት ጥቂት ነው። ገበሬው በየዓመቱ ከአውድማው ላይ የሚበጀውን እየመረጠ ለዘር በማስቀመጡ፣ በመጻሕፍት ያልሰፈረ የብዙ ሺህ ዓመት ምርምር ሲያካሂድ ኖሯል። ሊቁ በአገራቸው ሆነው የሰበሰቡትን መርምረው በ1931 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ስንዴዎች ራሱን የቻለ ሥራ አሳተሙ። ከሐረር፣ ከጎንደርና ከአክሱም የተወሰደው እፍኝ እፍኝ ዘርም በሌኒንግራድ፣ በቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ በሚገኘው ተቋም መደርደሪያዎች ላይ ከመላው ዓለም ከመጣው ዘር ጋር ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወታቸው ምዕራፍ ጨለማ ነው። በ1930ዎቹ ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል የግብርና ባለሙያ በስታሊን ፊት ሞገስ አገኘ። ሊሴንኮ በራሂ የሚባል ነገር የለም ይል ነበር። ተክልን በቅዝቃዜና በአያያዝ እያለማመዱ ጠባዩን መለወጥና የለወጡትን ጠባይ ለልጅ ልጁ ማውረስ ይቻላል እያለ፣ የእህል እጥረት ላስጨነቀው መንግሥት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፍተኛ ምርት ተስፋ ይሰጥ ነበር። ቫቪሎቭ አዲስ ዝርያ ለማውጣት የዓመታት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያውቃሉ። መጀመሪያ ላይ ወጣቱን ባለሙያ ደግፈውት ነበር፤ ትምህርቱ በማስረጃ የማይቆም መሆኑን ሲያዩ ግን በአደባባይ ተቃወሙት። በ1935 እ.ኤ.አ. ከግብርና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንትነት ተነሡ። ባልደረቦቻቸው አንድ በአንድ ሲታሰሩ እያዩ ከአቋማቸው አልተነቃነቁም።

ሐምሌ 30 ቀን 1932 ዓ.ም. በምዕራብ ዩክሬን ዘር በመሰብሰብ ላይ ሳሉ የጸጥታ ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው። ጓደኞቻቸው በኋላ የጉዞ ከረጢታቸውን ሲፈትሹ ያን ቀን የለቀሙትን ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት አገኙ። ለአሥራ አንድ ወራት ያህል ተመረመሩ፤ ሰላይነትና ግብርናን ማበላሸት የሚል ክስ ቀርቦባቸው በሐምሌ 1933 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት እስር ቢለወጥም በሳራቶቭ እስር ቤት የሚሰጣቸው ምግብ ነፍስን የሚያቆይ አልነበረም። በጠባቧ ክፍል ውስጥ ለእስረኞች የሳይንስ ትምህርት ይሰጡ ነበር። ባለቤታቸው የምስርን ዝርያዎች ያጠኑት የዕፅዋት ተመራማሪዋ የሌና ባሩሊና ነበሩ። እኚህ ሴት ከልጃቸው ጋር በዚያችው በሳራቶቭ ከተማ ተሰደው ሲኖሩ፣ ባላቸው በቅርብ ርቀት ታስረው እንደሚገኙ አያውቁም ነበር። ቫቪሎቭ ጥር 18 ቀን 1935 ዓ.ም. በ55 ዓመታቸው በረሃብ በመነመነ አካል አረፉ። የሰውን ልጅ ከረሃብ ለማዳን የደከሙት ሊቅ ከሌሎች እስረኞች ጋር በጋራ መቃብር ተቀበሩ።

በዚሁ ጊዜ የሰበሰቡት ዘርም በእሳት መካከል ነበር። የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ለ872 ቀናት ከብቦ ነዋሪውን በረሃብ ቀጣ። በተቋሙ ውስጥ ከ180 ሺህ የሚበልጡ የዘር ናሙናዎች፣ ከእነሱም መካከል የኢትዮጵያ ስንዴና ገብስ ይገኙ ነበር። ሠራተኞቹ በረዶው በገባበት ክፍል እየተፈራረቁ ዘሩን ከአይጥ፣ ከውርጭና ከሌባ ጠበቁ። ከመካከላቸው ብዙዎች በሥራ ቦታቸው ላይ በረሃብ ሞቱ። የሩዝ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሺህ የሚቆጠሩ የሩዝ ከረጢቶች በዙሪያቸው እያሉ ሳይነኩ አለፉ። ለዘር የተቀመጠን እህል በክፉ ቀን መብላት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ገበሬ የእነዚህን ሰዎች ሥራ ክብደት ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ቫቪሎቭ በሞቱ በዓመቱ፣ በ1944 እ.ኤ.አ.፣ በኒው ዮርክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የውርስ ቅንጣት የተሠራው ከዲኤንኤ መሆኑን አሳዩ። በ1953 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቅርጹ እንደ ተጠማዘዘ መሰላል መሆኑ ታወቀ። ሊሴንኮ የለም ያለው ነገር ተገኘ፤ ተለካም። የሶቪየት መንግሥት በ1955 እ.ኤ.አ. የቫቪሎቭን ፍርድ ሰርዞ ከክሱ ነጻ አወጣቸው፤ ተቋማቸውም በ1967 በስማቸው ተሰየመ።

ዲኤንኤ የሕያዋንን ታሪክ እንዴት እንደሚናገር ለመረዳት በጣና ገዳማት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት ማሰብ ይበቃል። አንድ ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢስት፣ ከእሱ ቅጂ የሚገለብጡት ሁሉ ያችኑ ስሕተት ይወርሳሉ። ሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት ግድፈት በአንድ ቦታ ከያዙ ምንጫቸው አንድ እንደሆነ ይታወቃል። ሕያው ነገርም ሁሉ በየሕዋሱ ውስጥ በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ አለው። ጽሑፉ ከወላጅ ወደ ልጅ በሚገለበጥበት ጊዜ አልፎ አልፎ ፊደል ይለወጣል፤ ለውጡም ለዘር ማንዘር ይወርዳል። የሁለት ተክሎችን ጽሑፍ አስተያይቶ የጋራና የተናጠል ለውጦችን የቆጠረ ሰው፣ ማን ለማን ቅርብ ዘመድ እንደሆነና ከስንት ዘመን በፊት እንደተለያዩ መገመት ይችላል።

ይህ ንባብ ስለ ስንዴያችን የተናገረው ነገር የቫቪሎቭን ፍርድ በከፊል ይለውጣል። የዱረም ስንዴና ልባሱን የማይለቀው የአጃ ዱር ወላጅ የሚበቅለው በመካከለኛው ምሥራቅ፣ ከፍልስጥኤም እስከ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በሚዘልቀው ለም ምድር ነው። ዘረመሉም ሆነ የጥንት ቁፋሮ ስንዴ የሰው ሰብል የሆነው ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በዚያ እንደሆነ ያመለክታሉ። ስለዚህ ስንዴ ለኢትዮጵያ በጥንት ዘመን የመጣ እንግዳ ነው። የዓይነት ብዛት ሁልጊዜ የትውልድ ስፍራ ምልክት አይደለም።

ሆኖም ያው ዲኤንኤ ሌላም ነገር አሳይቷል። የኢትዮጵያ ገበሬዎች ዱረም ስንዴ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ካሉት ዘመዶቹ ተለይቶ ራሱን የቻለ ወገን ሆኗል። እንግዳው ዘር በዚህ ምድር ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲኖር፣ ከደጋ እስከ ወይና ደጋ በተለያየ አፈርና ዝናብ ሲፈተንና በገበሬ እጅ ሲመረጥ፣ ሌላ ስፍራ የማይገኝ ጠባይ አወጣ። ቫቪሎቭ የልደቱን ቦታ ቢስቱም የሀብቱን ክምችት በትክክል አይተዋል።

የገብስ ታሪክ ይህንኑ ይበልጥ ያጎላዋል። የአውሮፓን የጸደይ ገብስ አመዳይ ከሚባለው የቅጠል በሽታ በመጠበቅ የታወቀ አንድ የዘረመል ለውጥ አለ። ምንጩ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ገበሬዎች የተሰበሰበ ገብስ ነው። በዘረመል ሲመረመርም ለውጡ የተፈጠረው ገብስ የሰው ሰብል ከሆነ በኋላ እንደሆነ ታውቋል፤ በዱር ያልነበረ፣ በእርሻ ላይ የበቀለ ሀብት ነው ማለት ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ ያዳነው በራሂም እንዲሁ ከኢትዮጵያ ገብስ የተወሰደ ነው።

የራሳችን የሆኑት ሰብሎችም ታሪካቸውን መናገር ጀምረዋል። ጤፍ አርባ ክሮሞዞሞች አሉት፤ እነዚህም ከሁለት የተለያዩ የሣር ዝርያዎች የመጡና በጥንት ዘመን በአንድ ተክል ውስጥ የተጣመሩ ናቸው። የጤፍ ሙሉ የዘረመል ጽሑፍ የመጀመሪያ ረቂቅ በ1914ዎቹ ሊቃውንት ዘንድ ሕልም እንኳ አልነበረም፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ግን ታትሟል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የሚበቅለው አረቢካ ቡናም የሁለት የቡና ዝርያዎች ልጅ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ጥምረቱ የተፈጸመው ሰው ቡናን ከማወቁ ከብዙ ዘመን በፊት ነው።

ቫቪሎቭ የጀመሩት የመሰብሰብ ሥራ በኢትዮጵያም ተተኪ አግኝቷል። በ1976 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው ነው። ከ1979 ጀምሮ ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ገበሬው የዘር እህሉን ለመብላትና ለመሸጥ በተገደደበት ሰዓት የአካባቢው ዘር ጨርሶ እንዳይጠፋ የማሰባሰብ ሥራ መርተዋል። ዘሩ በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ላይ መኖር አለበት ብለው የሠሩ ሲሆን፣ ለዚህ አገልግሎታቸው በ1989 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በአራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ኮሌጅም ቫቪሎቭ በሞት የተከራከሩለት የዘር ውርስ ሳይንስ እንደ ማንኛውም ትምህርት በነጻነት ይሰጣል።

ምርት የሚጨምር የተሻሻለ ዘር ለገበሬው ያስፈልገዋል። ነገር ግን የተሻሻለው ዘር ራሱ የተወለደው ከነባሩ ዘር ነው፤ ነገ አዲስ ዋግ ቢነሣ ወይም ዝናቡ ጠባዩን ቢለውጥ አርቢው መፍትሔ የሚፈልገው ከነባሩ ውስጥ ነው። አንድ ነባር የስንዴ ወይም የገብስ ዓይነት ከአንድ ቀበሌ ሲጠፋ፣ ገና ያልተነበበ ብራና እንደተቃጠለ ይቆጠራል። ያንን ጽሑፍ መልሶ የሚጽፍ ጸሐፊ የለም። ስለዚህ በጎተራው ጥግ የአባቱን ጥቁር ገብስ ወይም ጥቁር ስንዴ ለይቶ የሚያስቀምጥ፣ በማሳው ዳርቻም ጥቂት መደብ የሚዘራለት ገበሬ፣ በሌኒንግራድ ከረጢቶቹን ሲጠብቁ ያለፉት ሰዎች የሥራ ባልደረባ ነው።

የኒኮላይ ቫቪሎቭ አጽም ያረፈበት ትክክለኛ ጉድጓድ እስካሁን ተለይቶ አልታወቀም፤ በሳራቶቭ መካነ መቃብር የቆመላቸው ሐውልት ግን አለ። ከኢትዮጵያ ደጋ የወሰዱት ዘርም ዛሬ ድረስ በተቋማቸው እየተዘራና እየታደሰ ይኖራል።